ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለሽርሽር፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው የኪራይ መኪና?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ አገር ለማየት መኪና የሚከራይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመኪናው ነው። ደላላውን «ፕራዶ ይገኛል?» ይለዋል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ነው። በዚህ አካባቢ ግን መኪናውን መምረጥ ያለበት መንገዱ ነው። ሐይቅ ድረስ ሄዶ ዓሣ በልቶ ለመመለስ ፎር ዊል የተከራየ ሰው ለማይነካው ማርሽ ይከፍላል። ቪትዝ ይዞ ግሸን ልውጣ ያለ ደግሞ ዳገቱ ላይ ተሳፋሪ አስወርዶ መግፋቱ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ክፍት ነው ወይ? በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ባለፈው ወር የሄደ ዘመድ የነገራችሁን አትመኑ። ከመነሻው ቀን በፊት ማታና በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ያንኑ መስመር የሚሠሩትን የሚኒባስ ሹፌሮች ጠይቁ። እነሱ ካልወጡ እናንተም አትውጡ። ውል ስትፈርሙም «መንገድ ቢዘጋ ቀኑ ይተላለፋል ወይስ ገንዘቡ ይመለሳል?» የሚለው ይጻፍ።

አራቱ አቅጣጫዎች

ወደ ሰሜን ያለው በጣም ገሩ ነው። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሽርሽር ለሚፈልግ ከሐይቅ የተሻለ የለም። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ደጃፉ ላይ ሲሰማ ግማሹ ሰው መኪና ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀኑን በሐይቁ ዳርቻ ዙሪያ አቅዱት። ቀን ሙሉ ያላችሁ ወደ ውጫሌ ቀጥሉ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚያው በአምባሰል ምድር ነው፤ ከውጫሌ በኋላ ውርጌሳና መርሳ ይከተላሉ። ደሴ–ወልዲያን ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያዙለት። ከወልዲያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ መውጣት ከቀን ሽርሽር ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል።

ወደ ምሥራቅ የኮምቦልቻ–ባቲ መንገድ አለ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከደጋው ወደ ቆላው ስትወርዱ ልብስ ማውለቅ ትጀምራላችሁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ስለሆነ ከሰኞ ውጭ መሄድ ግማሹን መተው ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ ወደ ሚሌና ወደ ወደብ የሚያመራ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ተሳቢ ሲኖትራክ ከፊትም ከኋላም አይጠፋም። ከባቲ አልፎ ሚሌ ድረስ ከኮምቦልቻ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል፣ ሙቀቱም እንደዚያው። ኤሲው የማይሠራ መኪና ይዛችሁ ከባቲ አትለፉ።

ወደ ደቡብ፣ ኮምቦልቻን ለቅቃችሁ በሐርቡ በኩል የጨፋን ሜዳ ታያላችሁ። ቦርከና ውሃውን የሚያስተኛበት ረግረግ ነው፤ በበጋ የከብት መንጋ፣ ወፍም በገፍ። ከሚሴ ከኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰንበቴ እሑድ ትገበያለች። ከዚያ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ በመጨረሻም ደብረ ሲናና የጣርማበር ዋሻ። የዚህ መስመር ዋናው ትዕይንትም ዋናው ፈተናም አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚወጣው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። መኪናው ደካማ ከሆነ የሚታወቀው እዚህ ነው።

አራተኛው ምዕራቡ፣ ኩታበርንና ተንታን ይዞ ወደ መቅደላ፣ ወይም በአምባሰል በኩል ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ። መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል መድፍ አሁንም አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈበት ቦታ ነው። ሁለቱም ጋር የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ለቅቆ በጠጠርና በጥርጊያ የሚሄድ ነው፤ የመጨረሻውን ዳገት በእግር መሄድም ይመጣል። በካርታ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። በኪሎ ሜትር አትቁጠሩት፤ በጠጠር ኩርባ ላይ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የምትሄዱ ከሆነ መኪና ከሳምንታት በፊት ካልያዛችሁ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

ስፖርት መኪናስ?

ከውጭ የሚመጡ ልጆችና ሙሽሮች ይጠይቃሉ። በደሴና በኮምቦልቻ የኪራይ ገበያ ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና እንደልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መምጫና መመለሻው ብቻ ሁለት የኪራይ ቀን ይበላል።

ገንዘቡ ባያስጨንቅ እንኳ መኪናው ለዚህ መንገድ አልተሠራም። የስፖርት መኪና ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ነው። በየከተማው መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በአንድ ልክ የተሠራ ስላይደለ አንዱን በቀስታ ብታልፉት ሌላው የፊት መከላከያውን ይነቅላል። ጎማው ስስ ነው፤ በጎማና በቸርኬው መካከል ያለው የጎማ ግድግዳ ሦስትና አራት ጣት ስለማይሞላ ጉድጓድ ሲገባ የሚሰበረው ቸርኬው ነው። 18 ወይም 19 ኢንች ጎማ ከጎሚስታው ዘንድ ይገኛል ብላችሁ አትውጡ። ማደያው ላይም ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ ኦክቴን የሚመረጥበት ፓምፕ የለም። ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጠይቅ ሞተር በተራ ቤንዚን ዳገት ሲይዝ ያንኳኳል ወይም ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል።

ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ለከተማ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከሆነ ይሁን። የኩርባ ደስታ የፈለገ ሰው ግን ቀለል ያለ፣ ማንዋል ማርሽ ያለው፣ ጎማውና ፍሬኑ ጤነኛ የሆነ ትንሽ መኪና ይዞ ሐረጎን፣ ማለትም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ባለ ኩርባ ዳገት፣ በማለዳ ቢወጣ ከዚያ ሁሉ ወጪ ይልቅ ይረካል። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ አለ።

መኪናዎቹ አንድ በአንድ

*ዲዛየር፣ ቪትዝ፣ ያሪስ።* ለሰሜኑ መንገድና ለባቲ ከበቂ በላይ ናቸው። ሱዙኪ ዲዛየር 1.2 ሊትር ሞተርና 37 ሊትር ታንከር አለው። በተራራ መንገድ፣ ሦስት ሰው ይዞ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ወይም 7 ሊትር ያስቡለት። ደሴ–ወልዲያ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ከሆነ 16 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ትመለሳላችሁ። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድክመታቸው ከፍታ ላይ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፤ ደሴ ላይ አንድ አራተኛው፣ ጣርማበር ላይ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው የለም ማለት ነው። 1.0 ሊትር ቪትዝ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ሊቀድም ሲሞክር ምን እንደሚሆን ከዚህ አስሉት። ደንቡ ቀላል ነው፦ በ1.0 ሊትር ከሦስት ሰው በላይ ለጣርማበር አትጫኑ፤ ከጫናችሁም መቅደምን እርሱት፣ ከመኪናው ኋላ 50 ሜትር ቀርታችሁ በሁለተኛ ማርሽ ውጡ።

*ኮሮላ።* መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ለደቡቡ መስመር ምርጫችን ነው። 1.6 ወይም 1.8 ሊትሩ አራት ሰው ይዞ ጣርማበርን አይፈራም፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሊትር ይወስዳል፣ ሻንጣው ሰፊ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ቢበላሽ የኮሮላን ዕቃ የማይሸጥ መለዋወጫ መደብር፣ የማይፈታ መካኒክ የለም። ከሚሴም ሸዋ ሮቢትም የውሃ ፓምፕ ወይም ቺንጋ ታገኛላችሁ። ለአዲስ ሞዴል መኪና ይህ አይሠራም።

*ራቫ ፎርና መሰሎቹ።* ሆዱ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ ከዋናው አስፋልት ለቅቆ ወደ አርዲቦ ሐይቅ፣ ወደ ገጠር ዘመድ ቤት ለመግባት ያመቻል። በበጋ ጥሩ በተጠረገ ጠጠርም ይሄዳል። ቤንዚኑ 11 እና 12 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው የሚሳሳተው ቁመቱን አይቶ ፎር ዊል ስለሚመስለው ነው። ብዙዎቹ የሚነዱት በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ፎር ዊል የሆኑትም ከባድ ማርሽ የላቸውም። ጭቃ ዳገት ላይ ይህ ልዩነት ሁሉንም ይወስናል። ስትከራዩ «ፎር ዊል ነው» ቢባል ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ጎማዎች መካከል ዲፍረንሻል መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

*ፕራዶ፣ ሃርድ ቶፕ፣ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ።* ለመቅደላና ለግሸን ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል። ናፍጣ ሃርድ ቶፕ ከ13 እስከ 15 ሊትር፣ ናፍጣ ፕራዶ 12 ሊትር ያህል ይፈጃል። ሃይሉክስ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ቀላል ስለሆነ በጠጠር ላይ ይዘላል፣ ዝናብ ላይ ጅራቱ ይዞራል፤ ኩንታል ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከኋላ አክሰል በላይ ብታስሩበት ይረጋል። ስምንትና ዘጠኝ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ለአስፋልት መስመር ሁለት ትንሽ መኪና ከመያዝ አንድ ሚኒባስ ከሹፌሩ ጋር ይረክሳል። ባለቤቱ የጣራ ጭነት እንዲጨምርበት ግን አትፍቀዱ፤ ኩርባ ላይ የሚገለብጠው እሱ ነው።

*ኤሌክትሪክ።* መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኪራይም እየመጡ ነው። ለተራራ አገር ከሚታሰበው በላይ ይመቻሉ፤ ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንስም፣ ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሰው ይሞላሉ። ሂሳቡ ይኸው፦ ሰው ጭኖ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ 700 ሜትር ያህል ይነሣል፤ ለመነሣቱ ብቻ 3.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለ25 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ የሚያስፈልገው 4 ሲጨመር 7 ያልፋል። በ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ደሴ–ሐይቅ ደርሶ መልስ በጣም ቀላል ነው፣ ደሴ–ባቲ ደርሶ መልስም ይቻላል። ወልዲያ ደርሶ መመለስ ግን ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ ሳታውቁ አይሞከርም። ከ220 ቮልት ተራ ሶኬት በ10 አምፔር የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ስለሆነ ባዶውን ባትሪ መሙላት አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰዓት ይወስዳል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ያኔ ነው።

ከደሴ ለሚነሳ አንድ የሚረሳ ነገር፦ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ሐረጎን አትውረዱ። ሙሉ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ በሙሉ ወደ እግር ፍሬን ይሄዳል። 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ንቀሉት።

ሐረጎ

ከደሴ ወደ ደቡብም ወደ ምሥራቅም የሚሄድ ሁሉ ይወርደዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በኩርባውና በከባድ መኪናው ምክንያት 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ወረድ ሲባል የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ይዘረጋል፤ ቦርከናም በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሰንጥቆ ያልፋል። ለፎቶ የሚቆም ሰው ኩርባው ላይ ሳይሆን ኩርባውን አልፎ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

እዚህ የሚበላሸው ፍሬን ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ውሃ ይዞ ስለሚፈላ አረፋ ይፈጥራል። አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል እንጂ መኪናው አይቆምም። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፦ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ከዚያ ፔዳሉ መላላት።

መፍትሔው ማርሽ ነው። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ለትንንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ማለት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተዉት፤ ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ የሚል ካለው ወደዚያ አውርዱት። ፍሬን በአጭሩ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ትረግጡና ትለቃላችሁ፤ በትንሹ እየነኩ መውረድ የባሰ ያግላል። በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ በዘመናዊ ኢንጄክሽን ሞተር እውነትም አይደለም፤ ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ካልረገጣችሁ ሞተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል።

ሽታው ከመጣ ከመንገድ ወጥታችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቁሙ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይጣመማል። የእጅ ፍሬንም አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ! በኩርባ ላይ የተተወ ድንጋይ ማታ የሚመጣ ባጃጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። በመንገዱ ላይ የተጎዘጎዘ ቅርንጫፍ ካያችሁ ደግሞ ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነውና ቀንሱ።

ወደ ላይ ስትመለሱ ችግሩ ሙቀት ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ራዲያተሩ ውሃ ሞልቶም ይፈላል። ብዙ መካኒክ ራዲያተር ሲያጥብ፣ ቴርሞስታት ሲቀይር ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ነበር። የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሱ። ከፈላ ቁሙ፤ ክዳኑን ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቀዘቅዝ አትንኩ።

ከሹፌር ጋር ወይስ ራሳችሁ?

በደሴና በኮምቦልቻ አብዛኛው ኪራይ ከሹፌር ጋር ነው፤ ለአስፋልቱ መስመር ልምድ ያለው ነጂ ራሱ ሊይዝ ይችላል፣ ለመቅደላና ለግሸን ግን መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ያዙ። የሹፌሩ ወጪ ከቀን ኪራዩ ጋር አብሮ አይቆጠርም፦ አበል፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ተኝቶ የሚውልበት ቀን ሂሳብ። እነዚህን ካልተነጋገራችሁ በሁለተኛው ቀን ጭቅጭቅ አይቀርም። ሹፌሩ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንደማይነዳ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንደማይንቀሳቀስም ተስማሙ። «ማታ ብንገባ ይሻላል» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ገና ሳትነሱ ቀይሩት።

ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ከውጭ አገር የያዛችሁት መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ተረጋግጦ ወደ አገር ውስጥ መቀየር አለበት። አከራዩ ማስያዣ ገንዘብና ተያዥ ይጠይቃል። ተያዥ የሚሆነው ሰው ምን እንደሚፈርም ያንብብ። ማስያዣውን በቴሌብር ወይም በባንክ አስተላልፉ፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኝ ይያዝ።

ውሉና ገንዘቡ

ሁለት መኪና ስታወዳድሩ የቀን ዋጋውን ብቻ አታወዳድሩ። ድምር አድርጉት፦ የቀን ኪራይ በቀናት ብዛት፣ ሲደመር ነዳጅ (ጠቅላላ ኪሎ ሜትር በ100 ተካፍሎ በመኪናው ፍጆታና በዕለቱ የማደያ ዋጋ ሲባዛ)፣ ሲደመር የሹፌር ወጪ፣ ሲደመር ከኪሎ ሜትር ገደብ በላይ የሚከፈል። ለሦስት ቀን 500 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው በዲዛየርና በፕራዶ መካከል ያለው የነዳጅ ልዩነት ብቻ 25 ሊትር አካባቢ ይሆናል።

ሊብሬውን አሳዩኝ በሉ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ይመሳሰል። ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። ሰሌዳው ኮድ 3 ነው ወይስ ኮድ 2? ርካሽ ተብሎ በወዳጅ በኩል የሚገኘው ኮድ 2 የቤት መኪና ነው። ኢንሹራንሱ የተገባው ለግል አገልግሎት ስለሆነ በኪራይ ላይ ሳለ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ዕዳው እናንተ ላይ ይወድቃል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚሸፍነው የሌላውን ሰው ጉዳት ነው፤ የያዛችሁትን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለውም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከባለቤቱ ሌላ የሚነዳ ሰው ይሸፈናል ወይ፣ በእያንዳንዱ አደጋ ከኪሳችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ መጠን ስንት ነው። ከአስፋልት መውጣት በውሉ ከተከለከለ ደግሞ አርዲቦም ቢሆን አትግቡ።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት

ፍሬኑ ይቅደም። ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ በቀስታ ወደ ታች ከሰመጠ መኪናውን መልሱት። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ቡና ከመሰለ ይቀየር። ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፦ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ከስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ጥሩ ቢመስልም ለባቲ ሙቀት አይታመንም። የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለዝናብ መንገድ አይሆንም። ትርፍ ጎማው ነፋስ ይዟል? ክሪኩና የቸርኬ መፍቻው አብረው አሉ? ብሎኖቹንም እዚያው ቦታ ላይ አንዱን ፈትታችሁ ሞክሩ፤ በማሽን የታሰረ ብሎን መንገድ ላይ በእጅ አልፈታ ይላል።

ከዚያ ሰው ጭናችሁ አንድ ዳገት ውጡ። ደሴ ውስጥ ዳገት አይቸግርም! ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ከጮኸና ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ጣርማበር ላይ ያልቃል።

መቼ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ከሁሉ ይሻላል፤ አየሩ ጠርቷል፣ ምድሩ አረንጓዴ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ናዳና ጉም አለ፣ የጠጠሩን መንገድ እርሱት። ወሎ በልግ ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ባቲን በኅዳርና በጥር መካከል እዩት። ከደሴ በጉም ጠዋት ስትወጡ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጉሙ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል፣ አጭሩ ይበልጣል።

መነሻ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ከባድ መኪናው ሳይበዛ ሐረጎን ታልፋላችሁ። ነዳጅ ማታውኑ ሙሉ፤ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ወረፋ የሌለበት ማደያ ካያችሁ እለፉት አትበሉ፣ ቅዱ። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ከፊት ወንበር ቢቀመጥና ከመንገድ ዓይኑን ባያነሳ ይሻለዋል፤ ስልክ የሚያይ ልጅ ሐረጎን አይጨርስም።

መኪናውን ስትወስዱ አራቱንም ጎን፣ ቸርኬዎቹን፣ የመስታወቱን ጭረት፣ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን መቁጠሪያ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ባለቤቱ በቪዲዮው ውስጥ ይታይ። ስትመልሱም በቀን ብርሃን፣ ታጥቦ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቅረጹ። ማስያዣውን «ነገ እልካለሁ» ከተባለ ስንት ብር፣ መቼ፣ በየትኛው ሂሳብ እንደሚላክ አስፈርማችሁ ነው ቁልፉን የምታስረክቡት።